የፓኬት ሾርባ ያሳደገው

ሚጣ ቅዳሜ ጠዋት ከመስታወት ፊት ሄድ መጣ እያለች ቀሚስ ስትቀያይር አረፈደች። ተወልዳ ባደገችበት ቤት፣ በልታ በጠገበችበት ገበታ፣ ዛሬ እሷው እንግዳ ሆነች። ውጣ ውረድ ለምሳ ሊመጣ ነው።

ውጣ ውረድ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ሚጣ የምትሠራበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል። እሷ በሕንፃው የመጀመሪያ ወለል ላይ ባለው መነጽር ቤት ዓይን ትመረምራለች። የተዋወቁት ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መሀል አስሮ የያዛት ቀን ነው። በሩን በእጁ ፈልቅቆ፣ "አይዞሽ፣ ደርሻለሁ" ሲላት ቅባት የነካው ፊት ላይ ሁለት ረጋ ያሉ ዓይኖች አየች። ስንቱን ዓይን ያየች ባለሙያ፣ የእነዚያን አስተያየት ቤቷ ገብታም፣ ራቷን በልታም፣ ትራሷን ተንተርሳም ልትረሳው አልቻለችም።

በማግስቱ ላመስግነው ብላ ከሕንፃው ሥር ወዳለው የሊፍቱ ማሽን ክፍል ብትወርድ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ በፓኬት ሾርባ ዱቄት ላይ የፈላ ውሃ ሲያፈስ አገኘችው።

"ይሄ ነው ምሳህ?"

"ምን አለው? የፈላ ውሃ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። እንደ እኔው ነው፤ ሰው አያስቸግርም።"

ሳቀች። የሚጣ እናት ለስንቱ ሰርግ የደገሰች፣ ጭልፋ ስታነሳ ጎረቤት መዓዛው ስቦት የሚሰበሰብላት ሴት ናት። በእሷ ቤት የፓኬት ሾርባ ከሳሙና ዱቄት ተለይቶ አይታይም። እናም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚጣ የእናቷን ሾርባ በፔርሙዝ እየሞላች ታመጣለት ጀመር። እሱም ማታ ማታ ይዞት ይሄድና በነጋታው አጥቦ፣ አድርቆ፣ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይመልሳል። ፔርሙዙን ሲቀባበሉ ጣታቸው ተነካካ። ከጣት ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ልብ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሳያውቁት ጨረሱት።

እናቷ ስትሰማ ማማሰያዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። "የዳኛ ልጅ ለሊፍት ጠጋኝ?" አለች። ጡረታ የወጣው አባቷ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ "ዳኛውም ፎቅ የሚወጣው በሊፍት ነው" አለ። እናትየው ብዙ ካጉረመረመች በኋላ፣ "እስቲ ይምጣና ልየው" አለች። "ሰው ገበታ ላይ ነው የሚታወቀው።"

እነሆ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጥፍሮቹ እስኪቀሉ ተፈትገዋል። ሚጣ ጥፍሮቹን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ለእሷ ብሎ ስንት ጊዜ ፈተጋቸው ይሆን?

ምግቡ ሳይቀርብ እናቷ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባች። አንዱ ከማለዳ ጀምሮ ሲንተከተክ የዋለው ነው፤ የዶሮ አጥንት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ በመጨረሻ የተነሰነሰ ቅጠል። ሌላው ቢጫ ውሃ ነው፤ ቀጫጭን ፓስታ ይዋኝበታል።

"የፓኬት ሾርባ ወዳጅ ነህ ሲሉ ሰማሁ" አለች ፈገግ ብላ። "ከሱቅ አስገዛሁልህ። የቤቱ ዳኛ ጡረታ ወጥቷል፤ ዛሬ የምትፈርደው አንተ ነህ።"

ሁሉም ሳቀ። ውጣ ውረድም ሳቀ። መጀመሪያ የቤቱን ሾርባ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ማንኪያ፣ ደግሞ አንድ። ሚጣ ልቧ በደስታ ሲነሳ ተሰማት። እሱ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ሌላኛውን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ፤ ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው።

"እህሳ?" አለች እናትየው። ፈገግታዋ ጠበብ ብሏል።

"የእርስዎ ሾርባ ጣት ያስቆረጥማል፣ እማማ። እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም። እኔን ያሳደገኝ ግን ይኸኛው ነው። ፍረድ ካሉኝ ላሳደገኝ እፈርዳለሁ።"

አባትየው በናፕኪኑ ውስጥ አሳለ። እናቷ ፊቷ ቀላ።

"ያሳደገኝ! እናትህስ ምን ስትሠራ ነበር? ድስት መጣድ ያቃታት፣ ልጇን በዱቄት በጥብጣ ያሳደገች ሴት..."

"እማዬ!" ሚጣ ጮኸች።

ቃሉ ግን ወጥቷል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ። ውጣ ውረድ ናፕኪኑን አጥፎ ከሳህኑ አጠገብ አኖረውና ተነሳ።

"ስለ ምሳው እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን ግን እባክዎ፣ ሳያውቋት አያንሷት።"

ሚጣ እስከ ግቢው በር ተከትላው ሮጠች።

"'የእርስዎ ይበልጣል' ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር?"

"ለጨዋታ ቢሆን እል ነበር። ለጨዋታ አልነበረም፣ ሚጣ። አንቺም አይተሻል።"

"ሾርባ እኮ ነው! ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰጠሁህ..." ድንገት አንድ ጥርጣሬ ወጋት። ቅድም ዓይኑን ሲጨፍን፣ 'እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም' ሲል... "ቆይ፣ በፔርሙዝ የማመጣልህስ? ጠጥተኸዋል?"

ወደ መሬት አቀረቀረ።

"ንገረኝ!"

"አልጠጣሁትም።"

"አንዱንም?"

"አንዱንም።"

"'እጅሽ ይባረክ' ስትለኝ... ደፍተኸው ነው?"

"አልደፋሁትም።"

"ታዲያ የት ገባ?"

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ትከሻዋን አልፎ ወደ ቤቱ ሄደ። የመስኮቱ መጋረጃ ነቅነቅ አለ፤ ከኋላው እናቷ ቆማለች። አፉን መልሶ ገጠመ።

"ተይኝ፣ ሚጣ" አላት በዝግታ፣ በሩንም እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ኖሮ ምንኛ በቀለላት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ውጣ ውረድ ሕንፃውን ለሥራ ባልደረባው ለቀቀ። አዲሱ ጠጋኝ ወፍራምና ፉጨት የሚወድ ሰው ነው። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሚጣ የመሣሪያ ድምፅ ትሰማና ልቧ ትር ይላል፤ ፉጨቱ ሲከተል ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ስትደውልለት አያነሳም። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ከዚያ ኩራቷ እጇን ያዛት።

ቤት ውስጥም ሰላም የለም። እናቷ ሾርባ ስታቀርብላት ማንኪያዋን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትጠጣም። እናትየውም አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ከመነጽር ሠሪው የመጣውን ካርቶን ስትፈታ፣ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ውጣ ውረድ ለእናቱ ያዘዘውን መነጽር አገኘች። የእናቱን ዓይን የመረመረችው ባልደረባዋ ስለነበረች ሚጣ ሴትየዋን አይታቸው አታውቅም። ሊወስደው አልመጣም። ባልደረባዋ "በሰው እንላክለት" አለች።

"እኔ አደርሰዋለሁ" አለች ሚጣ፣ ሳታስበው። መንገድ ላይ ለራሷ ሰበብ ደረደረች፤ የሰው መነጽር ነው፣ ሥራዬ ነው፣ ሰጥቼ ወዲያው እመለሳለሁ። ሰበቡን ልቧ አልተቀበለውም። እግሯ ግን ፈጥኖ ይሄድ ነበር።

ቤቱ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ነው፤ ረጅም ሕንፃ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ አንድ አንድ ክፍሎች፣ በግቢው መሀል የጋራ ቧንቧ። በሩን የከፈቱላት ሴት ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸውን በነጭ ሻሽ ያሰሩ ናቸው። እጃቸውን ኬሚካልና ውሃ ልጦታል። ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት፣ ቀረብ አሉ፣ አሁንም ቀረብ አሉ።

"ከመነጽር ቤት ነው የመጣሁት፣ እማማ..."

"ሚጣ!" አሉ ሴትየዋ። "አንቺ ነሽ አይደል? ግቢ፣ ግቢ ልጄ! ቤቱን እንዳታዪው፣ ጠባብ ነው።"

ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ሚጣ አጠገባቸው ተቀምጣ መነጽሩን አደረገችላቸው፤ ጆሯቸውን እንዳይጫናቸው ክንዱን በጣቷ ጎበጥ አደረገችው። ሴትየዋ ዓይናቸውን ገልጠው ዝም ብለው አዩዋት።

"ውይ ልጄ! አሁን ገና አየሁሽ። እሱስ እውነቱን ነው።" ምን እንዳላቸው አልነገሯትም። ሚጣ ግን ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

"እናትሽ ደኅና ናቸው?" ቀጠሉ። "እኔ እኮ በየሳምንቱ ስጠብቃቸው ነው የሰነበትኩ።"

"እናቴን?"

"ልጄ ሁሉንም ነግሮኛል። እንዴት አድርገው እንደተቀበሉት፣ አጠገባቸው አስቀምጠው እንዳጎረሱት። 'ይህን ልጅ ያሳደገች እናት የታደለች ናት፣ መጥቼ ሳላያት አልቀርም' እንዳሉት ነገረኝ። እኔ እኮ ስለ ራሴ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት እንቅልፍም አልወሰደኝ። ይኸው ለእንግዳ የሚሆን ሳህን ገዛሁ።" ወደ መደርደሪያው አመለከቱ። ሰማያዊ አበባ ያለባቸው ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ከአሮጌዎቹ ተለይተው ተቀምጠዋል።

በዳኛ ገበታ ላይ አንዲት የይሉኝታ ቃል አልወጣህ ያለው ሰው፣ ለእናቱ ይህን ሁሉ ውሸት ፈትሎ፣ አስጊጦ አልብሷቸዋል። ያቆሰለውን ቃል ብቻውን ተሸክሞታል።

"እናቴ ሰላም ብላዎታለች" አለች ሚጣ። "እመጣለሁ ብላለች።"

"አንቺንም ሳላመሰግንሽ! ያ በፔርሙዝ የምትልኪልኝ ሾርባ! ማታ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት እሱን ስጠጣ ብርዱን አላውቀውም። የሰው ቢሮ ስወለውል አድሬ እስኪነጋ ያቆመኛል። 'አንተስ?' ስለው 'እኔ እዚያው ጠጥቼ ጠግቤ ነው' ይለኛል። መቼም ልጅ ሲዋሽ እናት ትስተዋለች? ግን ስጠጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያየኝ አስተያየት... ደስ አለኝና ዝም አልኩት።"

የሚጣ እንባ ገንፍሎ ወረደ። ሴትየዋ ደነገጡ። "ምን ሆንሽ ልጄ? ራበሽ?" አሉ። በእሳቸው ዓለም እንባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነበርና። ተነስተው ማንቆርቆሪያ ጣዱ፤ ከመደርደሪያው የሾርባ ፓኬት አወረዱ። በአዲሱ መነጽራቸው ጀርባውን ማንበብ ሲጀምሩ ሳቃቸው መጣ።

"'ለሁለት ሰው' ይላል! እኔ እኮ ለሁለት ቀን ነበር የማደርገው።"

ሚጣ በእንባዋ መሀል አብራቸው ሳቀች።

"ሲነጋ ከሥራ ስገባ እሱ ትምህርት ቤት ሊወጣ ነው" አሉ ሴትየዋ፣ እንቁላል ሰብረው እየመቱ። "ድስት ልጣድ ብል መቼ ይደርሳል? ውሃ ማፍላት ግን አያቅተኝም። እንቁላል ካለ እንቁላል፣ ሎሚ ካለ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ዱቄት ዱቄት እንዳይለው። እሱ ሲጠጣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ያኔ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ እኔ ለሥራ እወጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምንተያየው ያችን ጊዜ ብቻ ነበር። ሾርባው ካለቀ ይሄድብኛል፤ ስለዚህ እንዳይቸኩል በጣም አፈላለት ነበር።"

ሚጣ ጠጣች። ጨው ይበዛዋል። ትኩስ ነው። ከሥሩ ሎሚ አለ። የእናቷ ሾርባ ይበልጠዋል፤ በእርግጥ ይበልጠዋል። ግን ዓይኗን ስትጨፍን ደብተሩን ታቅፎ ሾርባውን እፍ እፍ የሚል ትንሽ ልጅና፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ እሱን ለማየት የማትተኛ እናት ታዩዋት። ያን ቅዳሜ የተጠየቀው በሁለት ሾርባ እንዲፈርድ መስሏት ነበር። አፈረች። ስታፍር ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ወደደችው።

ቤቷ ስትገባ እናቷ ባሮ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሚጣ በር ላይ እንደቆመች ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ፔርሙዙን፣ መነጽሩን፣ ሳህኖቹን። እናቷ ፊቷን አላዞረችም። ቢላዋው ጠክ ጠክ ይላል።

"እናቱ የተናገርኩትን ሰማች?" አለች በመጨረሻ።

"አልሰሙም። 'ወደዱኝ፣ አንቺንም አመሰገኑሽ' ብሏቸዋል። ሳህን ገዝተው እየጠበቁሽ ነው።"

ቢላዋው ቆመ።

"እኔ እኮ... ድስት ሳይጣድ ልጅ ያድጋል ብዬ አላስብም።"

ከሳሎን የአባትየው ድምፅ መጣ፤ "አንቺ የሰው ሰርግ ስትደግሺ ሚጣን ማን ነበር የሚያበላት? እኔ ነኝ፣ ዳቦ በወተት እየነከርኩ። እስካሁን ማንም አልፈረደብኝም።"

"አንተ ደግሞ ነገር አታባብስ!" ብትልም ድምፅዋ ኃይል አልነበረውም። እጇን ታጥባ ለረጅም ጊዜ አደረቀችው። "ምን ይዤ ልሂድ? ድስት ይዤ ብሄድ..."

"ድስት አትያዢ፣ እማዬ።"

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ዓይኖቿ ቀልተዋል። "ሽንኩርቱ ነው" አለች።

እሁድ ከሰዓት እናትና ልጅ ብርቱካን ይዘው ሄዱ። እናቷ ዝቅ ያለውን በር ጎንበስ ብላ ገባች። ሁለቱ ሴቶች "እንደምን ነዎት"፣ "ይቀመጡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቀመጡ" ሲባባሉ ወንበሮቹ ሰው አጡ። የውጣ ውረድ እናት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠራረጉ፣ "ምን ላቅርብልዎ? የእርስዎን እጅ ቀምሻለሁ፤ የእኔማ የፓኬት ነው፣ አፍራለሁ" አሉ።

"እሱኑ ነው የምፈልገው" አለች የሚጣ እናት።

ሰማያዊ አበባ ያለበት ሳህን ሞልቶ ቀረበ። እናትየው አንድ ማንኪያ ወሰደች፤ ድግስ ላይ እንደምትቀምሰው ምላሷ ላይ አቆይታ ዋጠች። ሚጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣበቀች።

"ጨው በዝቶበታል" አለች እናቷ።

ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች። የሴትየዋ ፊት ጠቆር አለ።

"እንቁላሉ ግን እንደ ክር ወርዷል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ድስት ሥር ኖሬ እንዲህ ማውረድ አልሆነልኝም፤ ይቋጠርብኛል። እንዴት አድርገሽ ነው?" ሳህኑን ባዶ አድርጋ ዘረጋችላቸው። "እስቲ እያየሁሽ ድገሚኝ።"

ድገሚኝ አለች፤ ይድገሙኝ አላለችም። ያች "አንቺ" እንደ እህት ክንድ ጠባቡን ክፍል አቋርጣ ሄደች። የውጣ ውረድ እናት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "ነይ እንግዲህ፣ እዚህ ጠጋ በይ" አሉ። "ከፍ አድርገሽ ነው የምታፈሺው።"

ውጣ ውረድ ከድንገተኛ ጥገና ሲመለስ በሩ ላይ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ሁለቱ ሴቶች ማንቆርቆሪያው ላይ ተደፍተዋል። ሚጣ ጥግ ተቀምጣለች። ፊቱ አመድ መሰለ፤ መጀመሪያ እናቱን አየ፣ የሰሙትን ከፊታቸው ለማንበብ። የሚጣ እናት ቀና አለች።

"ና ግባ፣ ልጄ። ያን ቅዳሜ ያልኩህን ለእናትህ ነግረሃታል አሉ።"

የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ላይ አኖረ።

"'ይህን ልጅ ያሳደገች እናት የታደለች ናት' ብዬህ ነበር።" ድምፅዋ ተሰበረ፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አልነቀለችም። "አሁንም፣ እሷው ባለችበት፣ እደግመዋለሁ።"

"ነግሮኛል!" አሉ እናቱ በኩራት። "ቃል በቃል ነው የነገረኝ!"

ውጣ ውረድ አንገቱን ደፍቶ የሚጣን እናት እጅ ሳመ። ሴትየዋ በሌላው እጇ ጸጉሩን ዳበሰችው። ሚጣ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ ወደ ግቢው ወጣች።

ቧንቧው አጠገብ ደረሰባት።

"ፔርሙዙን ለእናቴ ነው የምወስደው ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"እናትሽ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። 'እናቱም በእኛ ሾርባ ነው የምታድረው' ስትባል መስማት አልቻልኩም።"

"እኔስ? እኔም እናትህን የምንቅ መስሎህ ነው?"

ወደ እናቱ በር ዞር ብሎ አየ። "አንቺ ብትንቂያት እኔ መኖር ያቅተኝ ነበር" አላት። "ስለዚህ ሳላውቀው ልቅር ብዬ ሸሸሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሚጣ።"

እጁን ሊዘረጋ ብሎ ቅባቱን አየና ወደ ቧንቧው ዞረ፤ ሊታጠብ። እሷ አልጠበቀችውም። ጥቁር የሆኑትን ጣቶች እንዳሉ በሁለት እጇ ያዘቻቸው፣ ወደ ጉንጯ ወሰደቻቸው። የቅባቱ ሽታ፣ የእጁ ሙቀት፣ እነዚያ የባከኑ ሳምንታት ሁሉ አንድ ላይ ደረቷ ውስጥ ቀለጡ።

"ታገቢኛለሽ?" አላት። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፣ ደግሞ ነቀነቀች፤ በጉንጯ ላይ ቅባትና እንባ ተቀላቅሎ ወረደ።

ከውስጥ የሁለት ሴቶች ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎም አንድ ድምፅ፣ "ልጆች! ኑ ግቡ፣ ሾርባው በረደ!" ብሎ ተጣራ። የማንኛዋ እናት ድምፅ እንደሆነ ሚጣ አልለየችውም። ልትለየውም አልፈለገችም።